ቆሞ የከረመ ያማሃ ዲቲን ማስነሳት፦ መርገጡ የመጨረሻው ሥራ ነው

አሮጌ ሞተር ሳይክል ገዝቶ ግቢው ያስገባ ሰው እጁ ቶሎ የሚሄደው ወደ ቤንዚን ጄሪካኑ ነው። ትንሽ ጨምሮ መርገጥ፣ ደግሞ መርገጥ፣ እምቢ ካለም የሰፈር ልጆች ጠርቶ ቁልቁለት ላይ ማስገፋት። ሻጩ "አምና ድረስ ይሠራ ነበር፤ ካርቡራተሩን ማጠብ ብቻ ነው የሚፈልገው" ብሎ ስለሸኘው ተስፋው ትልቅ ነው። አንዳንዴ በእርግጥም ይነሳል። ጉዳቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የተጋገረው ዝገት ፒስተኑን ይጭረዋል፤ ዘይት ያልደረሰው ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል። በጥቂት ብር ጎሚኒና በአንድ ጠርሙስ ዘይት ይድን የነበረ ሞተር ፒስተን ማስቀየርና ሲሊንደር ቶርኖ ቤት መላክ ግድ ይሆንበታል።

ለዓመታት የቆመን ሞተር የሚያስነሳው ቅደም ተከተል ነው። መርገጡ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ከእሱ በፊት ያሉት ሥራዎች አብዛኞቹ ትዕግሥትና ንጹሕ ጨርቅ እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

ለማስረዳት እንዲመቸኝ ያማሃ ዲቲ 125ን ይዣለሁ። ያማሃ የዚህን ቤተሰብ የመጀመሪያ ሞተር፣ ባለ 250 ሲሲውን ዲቲ-1፣ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በአስፋልትም በጥርጊያ መንገድም እንዲሄድ የታሰበ፣ ቀላልና ከመሬት ከፍ ያለ ሞተር ነበር። ታናናሾቹ 125 እና 175 ሲሲዎቹ በእኛ አገር ስማቸው የሚነሳው ከጤና ጣቢያ፣ ከግብርና ጽሕፈት ቤትና ከእርዳታ ድርጅት ግቢ ጋር ነው። መኪና የማይገባበት ቀበሌ የደረሱ፣ ወንዝ ያቋረጡ፣ በቀላሉ የማይበገሩ ሞተሮች ናቸው። ዲቲ 125 አንድ ሲሊንደር ብቻ አለው፤ የሲሊንደሩ ስፋት 56 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 50 ሚሊ ሜትር፣ ጠቅላላ መጠኑ 123 ሲሲ። የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው፤ በሲሊንደሩ ራስ፣ በቴስታታው ላይ፣ ቫልቮላ የለውም፤ ቱ ስትሮክ፣ ማለትም ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚያቃጥል ነው። እዚህ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ለወንድሙ ለያማሃ ኤጂ 100፣ ለሱዙኪ ቲኤስና ለድሮ ቬስፓም ይሠራል።

አንድ ነገር ግን ከመፍቻ በፊት መታየት አለበት። ሊብሬውን ይዛችሁ በመሪው አንገት ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥርና በሞተሩ አካል ላይ ያለውን የሞተር ቁጥር ራሳችሁ አንብቡ፤ ጭቃና ቀለም ከሸፈነው ጠርጋችሁ አንብቡ። ሁለቱም ከሊብሬው ጋር ካልገጠሙ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት። ከእርዳታ ድርጅት የወጣ ሞተር ከሆነ ሲገባ ከቀረጥ ነፃ ሊሆን ስለሚችል ቀረጡ ስለመከፈሉ ማረጋገጫ ጠይቁ፤ ያለዚያ ስም ማዞር አይቻልም። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ስለገደበች፣ በከተማው ልትነዱት ካሰባችሁ ወቅታዊውን ደንብ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዶ መጠየቅ ከመግዛት ይቀድማል። ወረቀት የሌለው ሞተር ላይ ወራት የፈጀ ድካም ሲባክን ማየት በጣም ያሳዝናል።

በእጅ ይዞራል?

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ፍቱ። የካንዴላው ዙሪያ አሸዋና አቧራ የተከማቸበት ስለሆነ ከመፍታታችሁ በፊት በብሩሽና በነፋስ አጽዱት፤ አለበለዚያ ቆሻሻው ቀጥታ ፒስተኑ ላይ ይወድቃል። ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ በኩል ሁለት ማንኪያ ያህል የቱ ስትሮክ ዘይት አፍሱና ቢያንስ አንድ ሌሊት ተዉት። በማግስቱ ከፍተኛውን ማርሽ አስገብታችሁ የኋላ ጎማውን በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሞክሩ። ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ ይሰማችኋል።

ካልተንቀሳቀሰ ዝገት ይዞታል ማለት ነው። ይሄኔ መርገጫው ላይ መቆም ትልቅ ጥፋት ነው፤ የመርገጫው ጥርስ ይሰበራል ወይም ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር የተጣበቀው ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ይሰባበራል። ናፍታና የካምቢዮ ዘይት እኩል ለእኩል ቀላቅላችሁ ሲሊንደሩን ሙሉና ለቀናት ጠብቁ። በየቀኑ ጎማውን ትንሽ ወዝውዙት። አንድ ሚሊ ሜትር ከተንቀሳቀሰ ይለቃል። ሳምንት አልፎት ምንም ካልሆነ ቴስታታውን አንስቶ ማየት ይሻላል፤ በዚህ ሞተር ላይ ይህ ሥራ ጥቂት ዳዶ መፍታት ብቻ ነው። ሲከፈት ግድግዳው ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ወይም ጉድጓድ ካለ ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ሄዶ መስፋት አለበት። ለዚህ ሞተር ከመደበኛው በ0.25፣ በ0.50፣ በ0.75 እና በ1.00 ሚሊ ሜትር የሰፉ ፒስተኖች ስለሚሠሩ መጀመሪያ ፒስተኑን አግኙ፤ ቶርኖው ሲሊንደሩን የሚቆርጠው ፒስተኑን በእጁ ይዞ ለክቶ ነው። በግምት የተቆረጠ ሲሊንደር መመለሻ የለውም።

ስለ ብሎን አንድ ነገር ላስገባ። የጃፓን ሞተር ብሎኖች ራስ ላይ ያለው መስቀል ከተለመደው ባለ መስቀል ካቻቢቴ ጋር የሚመሳሰል ይመስላል እንጂ በትክክል አይገጥምም፤ ካቻቢቴው ተንሸራትቶ ይበላዋል። ለጃፓን ብሎን የተሠራ ካቻቢቴ ካልተገኘ ጫፉን በመሞረጃ ድንጋይ ትንሽ አሳጥሮ በደንብ እንዲቀመጥ ማድረግ፣ ከዚያም በመዶሻ ሲመታ ራሱ የሚዞረውን መፍቻ መጠቀም ነው። የካርተሩ (የሞተሩ ሽፋን) ብሎኖች የተበሉበት አሮጌ ዲቲ በየቦታው የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ቤንዚኑ ምን ሆነ?

ቤንዚን ሲቆም ቀላሉ ክፍል ተንኖ ይጠፋል፤ የሚቀረው ቡናማ፣ የሚያጣብቅ፣ ቫርኒሽ የሚሸት ነገር ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር የሚደፍነው እሱ ነው። እኛ አገር ሌላም ነገር ተጨምሮበታል፦ አዲስ አበባ ውስጥ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ 5 በመቶ፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 10 በመቶ ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ይሸጥ ነበር፤ ኤታኖሉ ከፊንጫና ከመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች የሚመጣ ነበር። ኤታኖል ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ውሃው ከቤንዚኑ ይለይና ሰርባቶው (የቤንዚን ታንኩ) ሥር ይቀመጣል። ሰርባቶው ከታች የሚዝገው፣ ለኤታኖል ያልተሠራው የድሮ ጎሚኒና የቤንዚን ቱቦም አብጦ የሚላላው በዚህ ነው። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤት ጓሮ የወጣ ሞተር ሰርባቶ ውስጥ ያለውን ቤንዚን በምንም መልኩ አትጠቀሙበት።

ሰርባቶውን ከሞተሩ አውርዱ፣ ደፍታችሁ አፍስሱ፣ በባትሪ መብራት ውስጡን ተመልከቱ። ቀላል ዝገት ከሆነ በአቼቶ ይለቃል፤ እስከ አፉ ሞልታችሁ አንድ ሁለት ቀን አቆዩት፤ ውስጡ ጥቂት ያረጁ ዳዶዎች ወይም አጭር ሰንሰለት ከትታችሁ ናጡት። የከተታችሁትን ቆጥራችሁ ክተቱ፣ ቆጥራችሁ አውጡ። ከዚያ በብዙ ውሃ ማጠብ፣ ቤኪንግ ሶዳ በተቀላቀለበት ውሃ የቀረውን አሲድ መግደል፣ ወዲያው ፀሐይ ላይ አድርቆ ትንሽ ዘይት በተቀላቀለበት ቤንዚን መለቅለቅ። ደርቆ ሁለት ሰዓት ከቆየ እንደገና ሲዝግ ታዩታላችሁ። ቤንዚን የነበረበትን ሰርባቶ ለብየዳ የሚልክ ሰው ደግሞ ይጠንቀቅ፤ ባዶ የመሰለ ሰርባቶ በውስጡ በቀረው ትነት ይፈነዳል፤ ሰውም ይገድላል።

ሩቢኔቱን ፈትታችሁ ወንፊቱን አጽዱ፣ ጎሚኒውን ቀይሩ። በሰርባቶውና በካርቡራተሩ መካከል ትንሽ ፊልትሮ ማስገባት ርካሽና ጥሩ ነገር ነው።

ወደ ካርቡራተሩ ስንመጣ፣ ሥራው ቀላል ቢሆንም ብዙ ሰው በግማሽ ልብ ይሠራዋል። የታችኛውን ሳህን ከፍቶ ቤንዚን መርጨት ማጽዳት አይደለም። ውስጡ ጂግለር የሚባሉ መሐላቸው የተበሳ ትንንሽ የነሐስ ብሎኖች አሉ። ትልቁ ጋዝ ሲሰጥ ለሚፈለገው ቤንዚን ነው፤ ትንሹ፣ ከፀጉር ብዙም የማይሰፋ ቀዳዳ ያለው፣ ለማስነሳትና ለሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጥ ለሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ነው። "ይነሳና ጋዝ ስለቀው ይጠፋል" የሚባለው ችግር በአብዛኛው የዚህ የትንሹ መደፈን ነው። ፈትታችሁ ወደ ብርሃን አንሡት፤ በቀዳዳው በኩል ክብ ብርሃን ካልታያችሁ አልጸዳም። የብረት ሽቦ አታስገቡበት፤ ነሐሱን አስፍቶ ልኩን ያበላሸዋል። ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ የተመዘዘች አንዲት የመዳብ ክር ወይም የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይበቃል። ከዚያ የካርቡራተሩን ቀዳዳዎች ሁሉ አንድ በአንድ በነፋስ አስመቱ፤ ኮምፕረሰር ከሌላችሁ ጎሚስታ ጋ ይዛችሁ ሂዱ። በአንዱ የገባ ነፋስ በየትኛው እንደሚወጣ በጣታችሁ ተከታተሉ። በጎን ያለችውን የአየር ማስተካከያ ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት እስክትቆም በስሱ አጥብቃችሁ ስንት ዙር እንደነበረች ጻፉ፤ ልኩ ከጠፋችሁ ከአንድ ዙር ተኩል ጀምሩ።

የአየር ፊልትሮውን አትርሱ። የእነዚህ ሞተሮች ፊልትሮ ስፖንጅ ነው፤ ሲያረጅ በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት ይፈርሳል፤ የፈረሰውን ደግሞ ሞተሩ ይስበዋል። በልኩ የተቆረጠ አዲስ ስፖንጅ ዘይት ነክራችሁ፣ ጨምቃችሁ ግጠሙ። ለጊዜው ያለ ፊልትሮ ልሞክረው ማለት አቧራውን ከማስገባቱም በላይ ቅልቅሉን ያቀጥነዋል።

እሳቱ

ዲቲ ያለ ባትሪም ይነሳል፤ ለካንዴላው የሚሆነው ኤሌክትሪክ የሚመነጨው በግራ በኩል ካለው ቮላኖ (ማግኔት ካለበት ተሽከርካሪ ከባድ ጎማ መሰል ብረት) ነውና። አዲስ ካንዴላ ግዙ፤ በአሮጌ ካንዴላ መመርመር ጊዜ ማባከን ነው። አዲሱን ካንዴላ ኮፍያው ላይ ሰክታችሁ የብረት አካሉን ከቴስታታው ጋር አገናኙና ሌላ ሰው እንዲረግጥ አድርጉ። ብልጭታው ቤንዚን ከፈሰሰበት ቦታና ከካንዴላው ቀዳዳ ራቅ ማለት አለበት። ሰማያዊና ድምፅ ያለው ብልጭታ ከታየ ጨርሳችኋል። ቢጫና ደካማ ከሆነ ወይም ከሌለ ቀድሞ የማጥፊያውን ሽቦ ንቀሉ። የማብሪያ ቁልፉና የማጥፊያው መገናኛ ዝጎ ወይም አይጥ ገመዱን በልቶት ሞተሩን "ጠፍተሃል" እያለ የሚይዘው ጊዜ ብዙ ነው።

የቆዩት ዲቲዎች ፑንቲና አላቸው፤ እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን የሚያስወጣ መገናኛ ነው። ሲቆም ፊቱ ላይ የማይታይ ሽፋን ይፈጠርና ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በቮላኖው ላይ ባለው መስኮት በኩል በጣም ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አንድ ሁለቴ አሳልፉ፤ ቀጥሎ በቤንዚን የረጠበ ንጹሕ ወፍራም ወረቀት አሳልፉበት፤ የአሸዋ ቅንጣት እንዳይቀርበት ነው። ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ክፍተቱ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ፊለር ጌጅ የሚባሉት ቀጫጭን መለኪያ ምላጮች ርካሽ ናቸው። ክፍተቱ ሲለወጥ ብልጭታው የሚወጣበት ቅጽበትም ስለሚለወጥ በዓይን መገመት አይበቃም። ፑንቲናው ጸድቶም ብልጭታው ደካማ ከሆነ ኮንደንሰሩን ቀይሩ፤ ከዚያ ለካንዴላው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚያጠነክረውን ቦቢና ተጠራጠሩ። ቮላኖውን ማውለቅ ካስፈለገ ማውለቂያው ተውሳችሁም ቢሆን ይምጣ። በመዶሻ የተመታ ቮላኖ ማግኔቱ ይሰነጠቃል፤ ክራንክ ሻፍቱም (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ይጣመማል። በኋላ የመጡት ሞዴሎች ሲዲአይ በሚባል የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን የሚሠሩ ስለሆኑ ፑንቲና የላቸውም፤ ለእነሱ የገመድ መገናኛዎችን ማጽዳት ነው ያለው።

ዘይቱ፣ ኦይል ሲሉ፣ ሞትና ሕይወቱ

ከዚህ በላይ ያለውን ማንም ጎበዝ መካኒክ ያውቀዋል። ቆሞ የከረመ ቱ ስትሮክ ከተነሳ በኋላ የሚሞትበትን ምክንያት ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

በመኪና ሞተር ውስጥ ዘይቱ ከታች ተቀምጦ እየተረጨ ይዞራል። በቱ ስትሮክ እንዲያ አይደለም። ከካርቡራተር የሚመጣው የአየርና የቤንዚን ቅልቅል መጀመሪያ የሚገባው ከፒስተኑ በታች፣ ክራንክ ሻፍቱ ወዳለበት ክፍል ነው። ፒስተኑ ሲወርድ ያንን ቅልቅል ይጨምቀውና በጎን ባሉ መተላለፊያዎች ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ እዚያ ክፍል ውስጥ ዘይት ማስቀመጥ አይቻልም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ገብቶ፣ ኩሽኔታውንና ሲሊንደሩን አርሶ፣ በመጨረሻ ተቃጥሎ በማርሚታ ይወጣል። ሰማያዊው ጭስ እሱ ነው።

ያማሃ ቤንዚንና ዘይት በእጅ መቀላቀልን ለማስቀረት አውቶሉብ የሚባል ትንሽ የዘይት ፓምፕ ሠርቶለታል። ዘይቱ በተለየ ጎድጓዳ ዕቃ ይቀመጣል፤ ፓምፑ በሞተሩ ዙርና በጋዙ መጠን ልክ እያንጠባጠበ ይሰጣል። ሞተሩ ለዓመታት ሲቆም ግን ዘይቱ ይጋገራል፣ ቱቦው ይደርቃል፣ በውስጡ አየር ይገባል። ከላይ ሆናችሁ ስታዩት ዕቃው ዘይት ሞልቶ ይታያል፤ ወደ ሞተሩ ግን ጠብታ አይሄድም። ሞተሩ ይነሳል፣ ደስ ይላል፣ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ከዚያ ፒስተኑ ይይዛል።

መፍትሔው ሁለት ነው፤ ሁለቱንም አድርጉ። አሮጌውን ዘይት አፍስሳችሁ፣ ዕቃውንና ቱቦውን አጥባችሁ፣ አዲስ የቱ ስትሮክ ዘይት ሙሉ፤ የመኪና ሞተር ዘይት አይሆንም። ፓምፑ ላይ አየር ማስወጫ ብሎን አለ፤ እሱን ፈትታችሁ አረፋ የሌለበት ዘይት እስኪፈስ ጠብቁና ዝጉት። ከዚያ ፓምፑን ሳታምኑ ለመጀመሪያው ሰርባቶ ቤንዚኑን በእጅ ቀላቅሉ፤ ለ5 ሊትር ቤንዚን ሩብ ሊትር ዘይት። ፓምፑም ከሠራ ጭሱ ይበዛል፤ ይብዛ። በዘይት ዕቃው ላይ ደረጃውን በቴፕ ምልክት አድርጉና ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች በኋላ መቀነሱን እዩ። እስኪቀንስ ድረስ ንጹሕ ቤንዚን ብቻውን አትሙሉ።

ሁለተኛው የሞት ምክንያት ኦይል ሲሉ ነው። ከፒስተኑ በታች ያለው ክፍል ቅልቅሉን የሚስብና የሚገፋ ስለሆነ አየር ማስገባት የለበትም። ክራንክ ሻፍቱ በግራና በቀኝ የሚወጣበትን የሚዘጉት ሁለት የጎማ ቀለበቶች ሲቆሙ ይደርቃሉ፣ ከንፈራቸው ይሰነጠቃል። የቀኙ ሲሄድ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት ይጠጣል፤ ነጣ ያለ፣ የማያቋርጥ ጭስ ያወጣል፣ የካምቢዮው ዘይትም ይጎድላል። ይህ የሚታይ ችግር ስለሆነ ብዙ አያስፈራም። የግራው፣ ከቮላኖው በስተጀርባ ያለው፣ ሲሄድ ግን ምንም ነገር አይፈስም፣ ጭስም አይታይም። በዚያ በኩል ንጹሕ አየር ይገባና ቅልቅሉን ያቀጥነዋል። ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር ስለሚመጣ ቤንዚን ሲያንስ ዘይትም ያንሳል፤ ሙቀቱ ደግሞ ይጨምራል። ምልክቱ ጋዝ ስትለቁ ዙሩ ቶሎ አለመውረዱ፣ ሚኒሞው ያለምክንያት ከፍ ማለቱ ነው። ይህን ስትሰሙ "አሁን ጥሩ ጉልበት አገኘ" እንዳትሉ፤ ወዲያው አጥፉት። በማጥፊያው እምቢ ካለ ቆማችሁ ፍሬን ይዛችሁ ከፍተኛ ማርሽ ላይ ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ አንቃችሁ ግደሉት።

የግራው ኦይል ሲል ርካሽ ነው፤ ቮላኖው ከወጣ በኋላ ሞተሩ ሳይከፈት ይቀየራል። ከአሥር ዓመት በላይ የቆመ ሞተር ላይ ሳልጠራጠር መቀየር አለበት እላለሁ። ሱማሌ ተራ ወይም መርካቶ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጎኑ ላይ የተጻፉት ሦስት ቁጥሮች የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋትና ውፍረት ናቸው። ልኩ ከገጠመ ለሌላ ማሽን የተሠራም ይሆናል።

ደጋና ቆላ

በዚህ ጉዳይ ላይ የውጭ አገር መመሪያ ብቻ ያነበበ ሰው ይሳሳታል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሁለት ነገር ይከተላል። የኮምፕረሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት) መለኪያ ካንዴላው ቦታ አስገብታችሁ ስትረግጡ ጤነኛ ሞተር እንኳ መመሪያው ከሚለው ሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ያሳያል፤ በዚህ ተደናግጦ ደህና ፋሻ መጣል የለም። ሌላው፣ ለባሕር ጠለል የተለካ ጂግለር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ይሆናል፣ ጉልበቱ ያንሳል። በትንሽ ቁጥር ያነሰ ትልቁ ጂግለር ይስማማዋል።

ተቃራኒው ነው አደገኛው። ለአዲስ አበባ ወይም ለደብረ ብርሃን ተብሎ ጂግለሩ ያነሰ ሞተር ወደ አፋር ቆላ ከወረደ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ይግላል፣ ይይዛል። ሞተሩን የገዛችሁበትንና የምትነዱበትን ቦታ አስቡ፤ ሻጩም የት ይሠራ እንደነበር ጠይቁት። ከዚያ በኋላ ዳኛው ካንዴላው ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ስትፈቱት የሸክላው ጫፍ ቀላል ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ነጭ ከሆነ አትንዱት።

አሁን ይረገጥ

ውጪ፣ ክፍት ቦታ ላይ። በዝግ ጋራዥ የሞተር ጭስ ሳይታወቅ ይገድላል። የእሳት ማጥፊያ ከሌላችሁ አንድ ባልዲ አሸዋ አጠገባችሁ ይሁን፤ የቤንዚን እሳት ላይ ውሃ አይደፋም። ካንዴላው ወልቆ፣ ሞተሩ በማጥፊያው ቁልፍ እንደጠፋ አሥር ጊዜ ያህል ቀስ ብላችሁ ርገጡ፤ ያፈሰሳችሁት ዘይት ይውጣ። ካንዴላውን ግጠሙ፣ ሩቢኔቱን ክፈቱ፣ ቤንዚን የሚንጠባጠብበት ቦታ አለመኖሩን እዩ፣ ቾኩን ሳቡ፣ ጋዝ ሳትሰጡ ርገጡ።

ካልተነሳ ካንዴላውን ፍቱ። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም፤ ወደ ሩቢኔቱና ወደ ካርቡራተሩ ተመለሱ። እርጥብ ከሆነ ቤንዚኑ ደርሷል፤ የጎደለው እሳቱ ነው ወይም በዝቶበት ሰጥሟል፤ አድርቃችሁ፣ ሩቢኔቱን ዘግታችሁ፣ ጋዙን ሙሉ ከፍታችሁ ጥቂት ርገጡ። ሁለቱም ደህና ሆነው ከለገመ ችግሩ ኮምፕረሽኑ ነው።

ሲነሳ ጭሱ ሰፈሩን ያለብሳል፤ ማርሚታው ውስጥ የተጠራቀመው የድሮ ዘይት ነው፣ ይጠራል። ጋዝ እያንባረቃችሁ አታስጩኹት። አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ አጥፉት፣ ይቀዝቅዝ፣ ዳዶዎቹን እዩ፣ ደግማችሁ አስነሱ።

መንገድ ከመውጣቱ በፊት

ሞተሩ ስለተነሳ መነዳት ይችላል ማለት አይደለም። የጎማውን ጎን እዩ፤ በአራት አኃዝ የተጻፈ ቁጥር አለ። 2309 ከሆነ በ23ኛው ሳምንት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ከነካላማዳሪው ይቀየር። የፍሬኑን ከበሮ ክፈቱ፤ የሸራውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት አሹ፣ ሸራው ከብረቱ እየተላቀቀ ከሆነ ቀይሩት፤ ለዓመታት የቆመ ሸራ በመጀመሪያው ጠንካራ ፍሬን ተላቆ ጎማውን ቆልፎ ሊጥላችሁ ይችላል። የፍሬንና የፍሪሲዮን ኬብሎች ዘይት ይጠጡ፤ አንድ ክር እንኳ የተበጠሰበት ኬብል ይጣል።

መብራቱን ስትገጥሙ ተጠንቀቁ፤ የድሮዎቹ ዲቲዎች 6 ቮልት ናቸው። ባለ 12 ቮልት አምፖል ቢገባበት እንደ ፍም ቀልቶ ይቀራል እንጂ መንገድ አያሳይም። ባለ 6 ቮልት ባትሪና አምፖል ፈልጋችሁ ግዙ፤ ያለ ፍሬን መብራትና ያለ ክላክስ ከተማ ውስጥ አይነዳም።

የመጀመሪያዎቹን 100 ኪሎ ሜትሮች በግማሽ ጋዝ፣ ከቤት ሳትርቁ ንዱ። በየመሐሉ ሰንሰለቱን፣ የቸርኬውን ሽቦዎችና የሞተሩን መያዣ ብሎኖች አጥብቁ። የካምቢዮውን ዘይት መጀመሪያ ቀይራችሁት ከሆነም አሁን፣ ሞተሩ ትኩስ እያለ፣ እንደገና ቀይሩት። ወተት የመሰለ ሆኖ ከወጣ ውሃ ነበረበት ማለት ነው፤ አዲስ ሞልታችሁ ሌላ 50 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ድገሙት። የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ማግኔት ካለው ጫፉ ላይ የተጣበቀውን ተመልከቱ፤ ደቃቅ ግራጫ ዱቄት የተለመደ ነው፣ የብረት ቅንጣት ከሆነ ግን ካምቢዮው ይከፈት።